የውሰት ጋሻ፦ የኤሚል ፎን ቤሪንግ የሕይወት ታሪክ

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና ካነበባችሁ በኋላ በመጨረሻ የቀረቡትን መልመጃዎች ሥሩ። በምንባቡ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ በክረምት ወራት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሲፈሱበት፣ ከሩቅ ለሚያየው ሰው ሌላ ሐይቅ ይመስላል። ውሃው ሲጎድል ጥቁሩ ዐፈር ጭቃ ይሆናል። ገበሬው በዚያ ጭቃ ውስጥ ቆሞ ሩዙን ያርማል፤ ከብቶቹም በዚያው ሜዳ ላይ ይሰማራሉ። የፎገራ ላሞች በወተታቸው የታወቁ ናቸው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ ወደ ደብረ ታቦር በሚገነጠልበት በወረታ ከተማ ዙሪያ ያደገ ልጅ፣ ላም ስትወልድ በመጀመሪያ የምትሰጠው ወተት ከሌላው ጊዜ ወተት የተለየ መሆኑን ያውቃል። ወፍራምና ቢጫማ ነው፤ ስሙም እንገር ይባላል። ጥጃው ይህን እንገር በተወለደ በጥቂት ሰዓት ውስጥ መጥባት ይኖርበታል።

ምክንያቱ ይህ ነው። ጥጃ ከእናቱ ማሕፀን ሲወጣ በደሙ ውስጥ በሽታን የሚቋቋምበት ኀይል የለውም ማለት ይቻላል። ላሟ በዕድሜዋ ከልዩ ልዩ በሽታዎች ጋር ስትታገል ያፈራቻቸው መከላከያዎች በራሷ ደም ውስጥ ቢኖሩም፣ በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ጥጃው አያልፉም። የሚያልፉት በእንገሩ አማካይነት ነው። ሰው በዚህ ረገድ ከከብት ይለያል፤ የሰው ልጅ ከእናቱ ደም አብዛኛውን መከላከያ የሚቀበለው ገና በማሕፀን ሳለ ሲሆን፣ ከተወለደ በኋላ ደግሞ በጡት ወተት ተጨማሪ ያገኛል። ያም ሆነ ይህ፣ ጥጃውም ሆነ ሕፃኑ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚጠበቁበት ኀይል ራሳቸው የሠሩት አይደለም፤ ከእናታቸው የተዋሱት ነው። የውሰት ዕቃ ደግሞ ለዘለዓለም አይቆይም፤ ቀስ በቀስ እየተመናመነ ያልቃል። ሳይንስ እነዚህን በደም ውስጥ የሚገኙ መከላከያዎች ፀረ እንግዳ አካላት ብሎ ይጠራቸዋል።

ተፈጥሮ በእናትና በልጅ መካከል የምትፈጽመውን ይህን ውሰት፣ የሰው ልጅም በዕውቀቱ ከአንዱ አካል ወደ ሌላው አካል ሊያደርገው እንደሚችል በማያሻማ መንገድ ያሳዩት ሁለት ሐኪሞች ናቸው። አንደኛው ጀርመናዊው ኤሚል ቤሪንግ፣ ሁለተኛው ጃፓናዊው ሺባሳቡሮ ኪታሳቶ ይባላሉ። ይህ ምንባብ የቤሪንግን ሕይወት የሚተርክ ነው።

ኤሚል ቤሪንግ ማርች 15 ቀን 1854 ሐንስዶርፍ በተባለች መንደር ተወለደ። መንደሯ በዚያን ጊዜ በፕሩሲያ መንግሥት ሥር የነበረች ሲሆን፣ ዛሬ የምትገኘው በፖላንድ ውስጥ ነው። አባቱ የመንደር አስተማሪ ነበር። በቤተሰቡ ውስጥ 13 ልጆች ስለ ነበሩ፣ የአስተማሪው ደመወዝ ይህን ሁሉ ልጅ አብልቶና አልብሶ ለማሳደግ እንኳ በጭንቅ የሚበቃ ነበር። ስለዚህም ኤሚል በትምህርቱ ብርቱ ቢሆንም፣ ወደ ዩኒቨርሲቲ የመግባት ተስፋው እጅግ የመነመነ ነበር።

የችግሩ መውጫ የተገኘው ከጦር ሠራዊቱ በኩል ነው። በርሊን ውስጥ የሠራዊቱን ሐኪሞች የሚያሠለጥን የሕክምና ትምህርት ቤት ነበር። በዚያ የሚማር ወጣት ለትምህርቱ ገንዘብ አይከፍልም፤ ነገር ግን ከተመረቀ በኋላ ለብዙ ዓመታት በሠራዊቱ ውስጥ በሐኪምነት የማገልገል ግዴታ ነበረበት። ቤሪንግ በ1874 በዚህ ትምህርት ቤት ገባ። በ1878 የሕክምና ዶክተርነት ማዕርግ ተቀበለ፤ በ1880 ደግሞ የመንግሥቱን ፈተና አልፎ ሥራውን ጀመረ።

ወጣቱ ሐኪም በልዩ ልዩ የጦር ሰፈሮች እየተዘዋወረ ሲያገለግል ከሁሉ ይበልጥ ሐሳቡን የሳበው የቁስል ማመርቀዝ ነበር። በዚያ ዘመን ሐኪሞች ቁስል እንዳያመረቅዝ አዮዶፎርም የተባለ ቢጫ ዱቄት ይነሰንሱበት ነበር። ዱቄቱ የሚረዳው በቁስሉ ውስጥ ያሉትን ተሕዋስያን ስለሚገድል ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ቤሪንግ ግን ነገሩን ሲመረምር ሌላ ነገር አገኘ። ዱቄቱ ተሕዋስያኑን ከመግደል ይልቅ እነሱ የሚያመነጩትን መርዝ የሚያመክን መስሎ ታየው። ከዚህም የተነሣ አንድ ጥያቄ በልቡ ተተከለ፤ በሽተኛውን የሚጎዳው መርዙ ከሆነ፣ በሰውነት ውስጥ ገብቶ መርዙን የሚያመክን መድኃኒት ቢገኝስ? ቤሪንግ ይህን ለማግኘት ብዙ ኬሚካሎችን በእንስሳት ላይ ሞከረ። ውጤቱ ግን የሚያሳዝን ነበር፤ በሽታውን ለማሸነፍ የሚበቃው መጠን በሽተኛውንም እንስሳ የሚመርዝ ሆኖ ተገኘ። መድኃኒቱን ከሰውነት ውጪ ከመፈለግ ይልቅ በሰውነት ውስጥ መፈለግ እንደሚያስፈልግ የተረዳው ከዚህ በኋላ ነው።

በ1889 ቤሪንግ በርሊን ውስጥ በሮበርት ኮኽ ይመራ ወደ ነበረው የጤና አጠባበቅ ተቋም ተዛወረ። ኮኽ በ1882 የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ በማግኘቱ ስሙ በዓለም የተሰማ ሊቅ ነበር። በዙሪያው ከልዩ ልዩ አገሮች የመጡ ወጣት ተመራማሪዎች ተሰብስበዋል። ከእነሱም አንዱ ከጃፓን የመጣው ኪታሳቶ ነበር። ኪታሳቶ በዚያው በ1889 ከዚያ በፊት ማንም ያልተሳካለትን ሥራ ፈጽሞ ነበር፤ የመንጋጋ ቆልፍን ባክቴሪያ ከሌሎች ተሕዋስያን ለይቶ ብቻውን ማራባት ቻለ። ቤሪንግ ደግሞ ዲፍቴሪያን ያጠና ነበር። የሁለቱ ሰዎች ጠረጴዛ ተቀራረበ፤ ሥራቸውም ተጋጠመ።

ወደ ፊት ከመሄዳችን በፊት ስለ ሁለቱ በሽታዎች ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። ዲፍቴሪያ በተለይ ሕፃናትን የሚያጠቃ የጉሮሮ በሽታ ነው። ባክቴሪያው በጉሮሮ ላይ ግራጫ ቆዳ መሰል ነገር ያበቅላል፤ ይህም የአየር መተላለፊያውን እየዘጋ ልጁን ያፍነዋል። መርዙም በደም አማካይነት ወደ ልብና ወደ ነርቭ ይደርሳል። በ19ኛው ምዕተ ዓመት በአውሮፓ ከተሞች በዚህ በሽታ ሳቢያ በአንድ ሳምንት ውስጥ ልጆቹን በተከታታይ የሚቀብር ወላጅ ጥቂት አልነበረም። ሐኪሙ ሊያደርግ የሚችለው የልጁን ጉሮሮ በጩቤ ቀዶ መተንፈሻ ማበጀት ብቻ ነበር፤ ይህም ብዙውን ጊዜ አያድንም። ፍሪድሪኽ ሌፍለር በ1884 ባክቴሪያውን ለይቶ ካራባ በኋላ፣ በፓሪስ የፓስተር ተቋም ባልደረቦች የሆኑት ኤሚል ሩና አሌክሳንደር የርሲን በ1888 ባክቴሪያው የሚያመነጨው መርዝ ራሱ፣ ባክቴሪያው ሳይኖር እንኳ እንስሳን እንደሚገድል አረጋገጡ።

መንጋጋ ቆልፍ ደግሞ ለእርሻ አገር እንግዳ ያልሆነ በሽታ ነው። ባክቴሪያው በከብትና በፈረስ አንጀት ውስጥ ይኖራል፤ ከፋንድያና ከእበት ጋር ወደ ዐፈር ይወርዳል። በዐፈር ውስጥም ጠንካራ ቅርፊት እንዳለው ዘር ሆኖ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። በባዶ እግሩ የሚያርስ ሰው እሾህ ሲወጋው፣ ወይም የተወለደ ሕፃን እትብት ባልጸዳ ምላጭ ሲቆረጥ፣ ዘሩ ወደ ቁስሉ ይገባል። ከዚያም አየር በሌለበት ጥልቅ ቁስል ውስጥ ነፍስ ዘርቶ መርዙን ይረጫል። መርዙ ጡንቻዎችን ስለሚያኮማትር መንጋጋ ይቆለፋል፤ ጀርባ እንደ ቀስት ይለጠጣል። በዚህ በሽታ የተያዘ አራስ ሕፃን ጡት መጥባት ይሳነዋል፤ ሕክምና ካላገኘም ከሞት የሚተርፈው እጅግ ጥቂቱ ነው።

ሁለቱ በሽታዎች አንድ ነገር ያመሳስላቸዋል፤ ሁለቱም የሚገድሉት በመርዛቸው ነው። ቤሪንግና ኪታሳቶ ሥራቸውን የመሠረቱት በዚህ ላይ ነው። ኪታሳቶ ጥንቸሎችን በጥቂት በጥቂቱ እያለማመደ የመንጋጋ ቆልፍን መርዝ እንዲቋቋሙ አደረጋቸው። ከዚያም ከእነዚህ ጥንቸሎች ደም ተቀድቶ መርዙን ፈጽሞ ለማያውቁ አይጦች ተሰጠ። በማግሥቱ አይጦቹ በሽታው እንዲይዛቸው ተደረገ። የጥንቸሎቹን ደም ያልወሰዱት አይጦች ሲሞቱ፣ የወሰዱት ምንም ሳይሆኑ ቆሙ። ኀይሉ የሚገኘው በሴረሙ፣ ማለትም ደም ከረጋ በኋላ በላዩ በሚጠልለው ቢጫማ ፈሳሽ ውስጥ መሆኑም ታወቀ። ያልተለማመደ ጥንቸል ደም ግን ይህ ኀይል የለውም። እንግዲህ ጥንቸሉ ታግሎ ያፈራውን ጋሻ አይጡ ሳይታገል ተዋሰው ማለት ነው።

ሁለቱ ሊቃውንት ይህን ውጤት ዲሴምበር 4 ቀን 1890 በአንድ የጀርመን የሕክምና መጽሔት ላይ በጋራ አሳተሙ። ከሳምንት በኋላ ቤሪንግ ስለ ዲፍቴሪያ ያደረገውን ጥናት ለብቻው በዚያው መጽሔት ላይ አወጣ። በዚህ መንገድ የሴረም ሕክምና የሚባለው አዲስ የሕክምና ዘርፍ ተወለደ። ሰውነት መርዝን የሚያመክን ነገር በራሱ ደም ውስጥ እንደሚያዘጋጅ፣ ያም ነገር ከአንዱ ወደ ሌላው ሊተላለፍ እንደሚችል ከዚህ በኋላ የሚያጠራጥር አልነበረም።

ይሁን እንጂ አይጥን ማዳንና ልጅን ማዳን አንድ አይደለም። በታመሙ ሕፃናት ላይ የተደረጉት የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ውጤታቸው ያልተስተካከለ ነበር። አንዱ ልጅ ሲድን ሌላው ይሞታል። ከትናንሽ እንስሳት የሚገኘው ሴረም ጥቂት ነው፤ ኀይሉም ደካማ ነው። ከሁሉ የከፋው ግን በአንድ ጠርሙስ ውስጥ ያለው ሴረም ከሌላው ጠርሙስ በምን ያህል እንደሚበልጥ ወይም እንደሚያንስ የሚለካበት መንገድ አለመኖሩ ነው። መጠኑ የማይታወቅ መድኃኒት ለሐኪም እምነት የሚጣልበት መሣሪያ ሊሆን አይችልም።

ይህን ችግር ለመፍታት ከፍተኛውን ድርሻ ያበረከተው ፓውል ኤርሊኽ ነበር። ኤርሊኽ በ1892 የእናት አይጦች መከላከያ በወተታቸው ወደ ልጆቻቸው እንደሚያልፍ ያሳየ ሊቅ ነው። የፎገራ ገበሬ በእንገር የሚያውቀውን ምሥጢር በቤተ ሙከራ የመሰከረ እሱ ነው ለማለት ይቻላል። ኤርሊኽ እንስሳትን ደረጃ በደረጃ እያለማመዱ ብርቱ ሴረም የሚገኝበትን ዘዴ አሻሻለ። የሴረምንም ኀይል በቁጥር ለመለካት የሚያስችል ሥርዐት ዘረጋ፤ ይህንንም በ1897 በተሟላ ሁኔታ አሳተመ። ከዚህ በኋላ አንድ ሐኪም በርሊን ውስጥም ሆነ በሌላ ከተማ ሲሠራ ለበሽተኛው የሚሰጠውን መጠን በእርግጠኝነት ማወቅ ቻለ።

በ1894 ሄክስት የተባለው የቀለምና የመድኃኒት ፋብሪካ የዲፍቴሪያን ሴረም በብዛት ማምረት ጀመረ። ሴረሙ ይወሰድ የነበረው በመጀመሪያ ከበጎች፣ ኋላም በተለይ ከፈረሶች ነበር። ፈረስ ግዙፍ በመሆኑ ብዙ ደም ቢቀዳለትም አይጎዳም። በዚያው ዓመት ኤሚል ሩ በቡዳፔስት በተደረገ ዓለም አቀፍ የሐኪሞች ጉባኤ ላይ የፓሪሱን ውጤት አቀረበ። በአንድ የሕፃናት ሆስፒታል ውስጥ ቀድሞ በዲፍቴሪያ ከተያዙት ግማሽ ያህሉ ይሞቱ የነበረ ሲሆን፣ የፈረስ ሴረም መሰጠት ከጀመረ በኋላ የሟቾቹ ቁጥር ወደ ሩብ ዝቅ ብሎ ነበር። ይህ ዜና በተሰማ ጊዜ በብዙ አገሮች ሕዝብ ገንዘብ እያዋጣ ሴረም የሚዘጋጅባቸውን ተቋሞች አቋቋመ።

የውሰት ጋሻ ግን የራሱ ጣጣ ነበረው። የፈረስ ሴረም ለሰው ደም ባዕድ ስለሆነ፣ አንዳንድ በሽተኞች ከቀናት በኋላ ትኩሳት፣ የቆዳ ሽፍታና የመገጣጠሚያ ሕመም ይይዛቸዋል። በዝግጅት ጊዜ የሚደረግ ቸልተኝነትም ብርቱ ጉዳት ያደርሳል። በ1901 በአሜሪካ በሴይንት ሉዊስ ከተማ፣ መንጋጋ ቆልፍ ይዞት ከነበረ ፈረስ የተቀዳ የዲፍቴሪያ ሴረም ለሕፃናት ተሰጥቶ 13 ልጆች ሞቱ። ሊያድናቸው የታሰበው መድኃኒት ገደላቸው። በሚቀጥለው ዓመት የአሜሪካ መንግሥት እንዲህ ያሉ መድኃኒቶች ከመሸጣቸው በፊት በሕግ ቁጥጥር ሥር እንዲሆኑ ደነገገ። የሰው ሕይወት የሚጠበቀው በግኝት ብቻ ሳይሆን በጥንቃቄም ጭምር መሆኑን ይህ አሳዛኝ ድርጊት ያስረዳል።

ቤሪንግ በ1895 በማርቡርግ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆኖ ተሾመ፤ ከዚያም በኋላ ቀሪ ዘመኑን ያሳለፈው በዚያች ከተማ ነው። በ1896 ኤልዘ ሽፒኖላ የተባለች ወጣት አገባ፤ ስድስት ወንዶች ልጆችም ወለዱ። በ1901 የኖቤል ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ፣ የሕክምናው ሽልማት ለቤሪንግ ሆነ። በዚያው ዓመት የመኳንንት ማዕርግ ስለ ተሰጠው፣ ከስሙ በፊት ፎን የሚለው ቃል ተጨመረለት። የድኻው አስተማሪ ልጅ ከአገሩ ታላላቅ ሰዎች አንዱ ሆነ።

የሰው ሕይወት የሚጻፈው ከነጉድለቱ ነውና፣ በዚህ ክብር ጥላ ሥር የቀሩትን ሰዎችም ማንሣት ይገባል። የ1890ውን የመንጋጋ ቆልፍ ጥናት ከቤሪንግ ጋር የፈጸመው ኪታሳቶ በሽልማቱ ውስጥ አልተካፈለም። ሴረሙን ከቤተ ሙከራ ወደ ሕፃናት አልጋ ያደረሰው ኤርሊኽም ድካሙ በገንዘብም በክብርም በሚገባ እንዳልተመለሰለት ተሰማው። የሁለቱ ወዳጅነትም ሻከረ። ኤርሊኽ የራሱን የኖቤል ሽልማት ያገኘው ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1908 ነው። ኪታሳቶ ወደ አገሩ ተመልሶ በቶኪዮ ታላቅ የምርምር ተቋም መሠረተ እንጂ በቂም አልተቀመጠም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ የሴረም ሕክምና የሌፍለር፣ የሩ፣ የየርሲን፣ የኪታሳቶ፣ የኤርሊኽና የቤሪንግ የጋራ ፍሬ ነበር። ከሌላው የተዋሰ ሰው ውሰቱን መናገር እንዳለበት፣ ከሌላው ዕውቀት የተቀበለም ባለዕዳ መሆኑን መርሳት የለበትም።

ከሽልማቱ በኋላ ያሉት ዓመታት ለቤሪንግ ቀላል አልነበሩም። ሐሳቡ በሙሉ የሳንባ ነቀርሳን በመርታት ላይ ነበር። በማርቡርግ ሰፊ መሬት ገዝቶ ከብት እያረባ በጥጆች ላይ ምርምር አደረገ፤ መድኃኒቱ እንደ ተገኘ እስከ መናገርም ደርሶ ነበር። ነገር ግን አልተሳካለትም። የሳንባ ነቀርሳ እንደ ዲፍቴሪያ በመርዝ ብቻ የሚገድል በሽታ ስላልሆነ፣ ያው ቁልፍ ሌላውን በር አልከፈተም። በ1904 ግን በማርቡርግ ሴረምና ክትባት የሚዘጋጅበት ድርጅት አቋቋመ። ከ1907 እስከ 1910 ባለው ጊዜ በከባድ የመንፈስ ጭንቀት ታሞ በሕክምና ተቋም ውስጥ ተኛ። በሽታን ያሸነፈ ሰው ራሱ በበሽታ ሲሸነፍ ማየት የሚያሳዝን ነው፤ ቤሪንግ ግን ከዚያ ሕመም ተነሥቶ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ከተመለሰ በኋላ የፈጸመው ሥራ በብዙዎች ዘንድ ብዙ ባይወራም ታላቅ ቁም ነገር አለበት። ቤሪንግ የውሰትን ጉድለት ከማንም ይበልጥ ያውቅ ነበር። ሴረም ለታመመ ሰው በፍጥነት ይደርስለታል፤ ሆኖም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከደም ይጠፋል፤ ልጁም እንደ ገና ያለ ጋሻ ይቀራል። ስለዚህ በ1913 የዲፍቴሪያን መርዝና ፀረ መርዝ በሚገባ መጥኖ በመቀላቀል፣ ሰውነት ሳይጎዳ የራሱን መከላከያ እንዲሠራ የሚያደርግ ክትባት አቀረበ። ጋሻ ከማዋስ ጋሻ መሥራትን ወደ ማስተማር ተሸጋገረ ማለት ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፈረንሳዊው ጋስቶን ራሞን መርዙን በፎርማሊንና በሙቀት አምክኖ የተሻለ ክትባት አዘጋጀ፤ ዛሬ ሕፃናት የሚከተቡት የዲፍቴሪያና የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት የዚህ ሥራ ውጤት ነው።

በ1914 አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ፣ በማሳ ጭቃ ውስጥ የቈሰሉ ወታደሮች በብዛት በመንጋጋ ቆልፍ ይያዙ ጀመር። በጦርነቱ የመጀመሪያ ወራት ሴረሙ ስላልበቃ ብዙዎች አለቁ። ለእያንዳንዱ ቍስለኛ ወዲያው እንዲሰጥ ከተደረገ በኋላ ግን በበሽታው የሚያዘው ሰው ቁጥር በእጅጉ ቀነሰ። ቤሪንግ ጦርነቱ ሲያበቃ ለማየት አልታደለም፤ ማርች 31 ቀን 1917 በ63 ዓመቱ በማርቡርግ ዐረፈ።

ሰውየው ቢያልፍም መንገዱ አልተዘጋም። በ1952 ዋልተር ሪድ በተባለው የአሜሪካ የጦር ሠራዊት ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ኦግደን ብሩተን፣ ደጋግሞ በብርቱ ልክፍት የሚታመም አንድ የስምንት ዓመት ልጅ ሲመረምር በደሙ ውስጥ ፀረ እንግዳ አካላት ያሉበት ክፍል ፈጽሞ እንደሌለ ደረሰበት። ልጁ ራሱ ጋሻ መሥራት አይችልም ነበር። ብሩተን ከጤነኛ ሰዎች ደም የተዘጋጁ ፀረ እንግዳ አካላትን በየወሩ በመርፌ ሰጠው፤ ልጁም ተሻለው። ሲወለዱ ጀምሮ መከላከያ የሌላቸው ልጆች ዛሬም በዚህ መንገድ ይረዳሉ። በ1975 ደግሞ ጌዮርግ ኬለርና ሴሳር ሚልስታይን አንድ ዓይነት ፀረ እንግዳ አካል ብቻ በብዛት የሚመረትበትን ዘዴ አገኙ፤ ካንሰርንና ሌሎች ብዙ በሽታዎችን ለማከም የሚውሉ መድኃኒቶች ከዚህ ተፈጠሩ።

መንገዱ ወደ አገራችንም ደርሷል። በቅማል የሚተላለፍ የሚያገረሽ ትኩሳት በአገራችን ለረጅም ጊዜ የታወቀ በሽታ ነው። በሽተኛው ፔኒሲሊን ሲሰጠው ባክቴሪያው በፍጥነት ይሞታል፤ ነገር ግን በዚያው ሰዓት ሰውነቱ በብርቱ ይንቀጠቀጣል፤ ትኩሳቱ ይንራል፤ አንዳንዱም በዚህ መንሥኤ ይሞታል። በአዲስ አበባ ኢትዮጵያውያንና የውጭ አገር ሐኪሞች በጋራ አጥንተው በ1996 ባሳተሙት ሥራ፣ ይህን መንቀጥቀጥ የሚያስነሣውን የሰውነት ንጥረ ነገር የሚያመክን፣ ከበግ የተገኘ ፀረ እንግዳ አካል ለ20 በሽተኞች ሰጡ። መንቀጥቀጡ የተነሣው በ10ሩ ላይ ብቻ ነበር። ፀረ እንግዳ አካሉን ካልወሰዱት 29 በሽተኞች መካከል ግን በ26ቱ ላይ ተነሣ። ከ1890ው የጥንቸል ደም እስከዚህ ድረስ ያለው ርቀት ከመቶ ዓመት ይበልጣል፤ ሐሳቡ ግን ያው የውሰት ሐሳብ ነው።

መንጋጋ ቆልፍን በሚመለከትም ኢትዮጵያ በ2017 በእናቶችና በአራስ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን የመንጋጋ ቆልፍ በሽታ አስወግዳለች ተብሎ በዓለም ጤና ድርጅት ተረጋገጠ። ይህ ማለት በየወረዳው በሕይወት ከሚወለዱ ከ1000 ሕፃናት ውስጥ በዚህ በሽታ የሚያዘው ከአንድ በታች ሆነ ማለት ነው። ድሉ የተገኘው ነፍሰ ጡር እናቶችን በመከተብና ንጹሕ የአወላለድ ሥርዐትን በማስፋፋት ነው። የተከተበች እናት በደሟ ያፈራችውን ጋሻ ገና ላልተወለደው ልጇ ታውሰዋለች። ይሁን እንጂ በሽታው ተወገደ ሲባል ባክቴሪያው ጠፋ ማለት አይደለም። ዘሩ በፎገራ ጥቁር ጭቃም ሆነ ከብት በሚውልበት በሌላው መሬት ሁሉ እንደ ተቀበረ ይኖራል። የአንዱ ትውልድ መከተብ ለሚቀጥለው አያገለግልም። ስለዚህ ኤሚል ፎን ቤሪንግና ባልደረቦቹ የጀመሩት ሥራ በሐውልትና በሽልማት የሚዘጋ አይደለም፤ እያንዳንዷ እናት በወረታም ሆነ በሌላው ስፍራ ወደ ጤና ጣቢያ በሄደች ቍጥር እንደ ገና የሚፈጸም ነው።

መልመጃ

ሀ. የሚከተሉትን ጥያቄዎች በተሟላ ዐረፍተ ነገር መልሱ።
1. ጥጃ እንገር ባይጠባ ለምን በቀላሉ በበሽታ ይጠቃል?
2. ዲፍቴሪያንና መንጋጋ ቆልፍን የሚያመሳስላቸው ነገር ምንድን ነው?
3. የኤርሊኽ ሥራ ለሴረም ሕክምና ያስገኘው ጥቅም ምን ነበር?
4. በሴረምና በክትባት መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?

ለ. የሚከተሉትን ዐረፍተ ነገሮች ከገቢር ወደ ተገብሮ ለውጡ።
1. ኪታሳቶ ጥንቸሎቹን አለማመደ።
2. ሐኪሙ ሴረሙን ለልጁ ሰጠ።
3. ፋብሪካው መድኃኒቱን በብዛት አመረተ።

ሐ. በአካባቢያችሁ ስለሚገኝ አንድ በሽታ፣ ስለ መተላለፊያውና ስለ መከላከያው ከሦስት አንቀጽ ያላነሰ ድርሰት ጻፉ። በድርሰታችሁ ውስጥ ምክንያትንና ውጤትን በግልጽ ለዩ።